የእናቴ ቅዳሜ ከሰዓት

ይህን ጽፌ ለሰው ማስነበብ ተገቢ ነው ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሰዎች ገጠመኝ ብለው የሚጽፉትን ሳነብ ወይ መኪና ይገለበጣል፣ ወይ የጠፋ ወንድም ከብዙ ዓመት በኋላ ይገኛል። በእኔ ታሪክ ውስጥ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልጠፋም። አንዲት ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቷ ወጥታ ተመለሰች፤ ባሏ የት ነበርሽ ብሎ ጠየቃት፤ አልነገረችውም። ነገሩ ይኸው ነው። ለአንዲት የክፍሌ ልጅ ባጭሩ ስነግራት «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ ወሬ ቀየርኩ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጥፋት ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም በዚያው ዓመት ነው። የደረሰኝ እዚሁ አዲስ አበባ ስለሆነ ቀራንዮ ካለው ቤታችን እየተመላለስኩ ነበር የምማረው። ለቤቱ አንድ ልጅ ነኝ። ጸባዬን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሰው ሲከፋው ማየት አልችልም። አስተማሪ «ገብቷችኋል?» ሲል ሳይገባኝ ራሴን በአዎንታ የምነቀንቀው እኔ ነኝ፤ መልስ ሳያገኝ ቆሞ እንዳያፍር ብዬ።

አባቴ ተክሌ አጠና ተራ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ቁጡ አይደለም፣ አይጠጣም፣ እናቴ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ነገር ግን እናቴ የት እንዳለች ሳያውቅ አንድ ሰዓት መቀመጥ አይሆንለትም። ጠዋት ሱቅ እንደከፈተ ይደውልና የት ነሽ ይላታል፤ ቤት ትለዋለች። ረፋድ ላይ ይደውላል፤ ጉልት ትለዋለች። ለቅሶ ከሄደች ከማን ጎን እንደተቀመጠች፣ እድር ከሄደች ማን ማን እንደመጣ ይጠይቃታል። መልሱን ሰምቶ የሚቆጣበት ነገር የለም፤ «እሺ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ እንደ ፍቅር ነበር የማየው። ጓደኞቼ አባቶቻቸው እናቶቻቸውን አያዩም እያሉ ሲያማርሩ፣ የእኔ አባት በቀን አምስት ጊዜ ይደውላል ብዬ እኮራ ነበር።

እናቴ አስካለ ያገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠየቅ መልሳለች። መመለስ የሰለቻት መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያስተዋልኩት ከገና በኋላ ነው። መጀመሪያ ስልኳን ቤት እየጣለች መውጣት ጀመረች፤ ስትጠየቅ ረሳሁት ትላለች። ቀጥሎ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በምሳ ዕቃ ሱቅ ድረስ ታደርሰው የነበረውን ምሳ አቆመች፤ አጠና ተራ ምግብ ቤት ሞልቷል አለችው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጸጉሯን እስከ ጆሮዋ ተቆርጣ ገባች። አባቴ ሁለት ቀን ሰረቅ እያደረገ ሲያያት ቆየና ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ጸጉሩ ያለው እኔ ራስ ላይ ነው» አለችው።

ሳቄ መጣ። ማን እንደሚቀየመኝ ስላላወቅኩ ግን ዋጥኩት።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ መጡ። ቅዳሜ አባቴ ለምሳ ቤት ይመጣል። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ እናቴ ምሳውን አነሳሳችና ጥሩ ጫማዋን አድርጋ «ወጣ ብዬ እመጣለሁ» አለች። ስምንት ሰዓት ላይ ወጥታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰች። በእጇ ዕቃ አልያዘችም፣ ነጠላም አልለበሰችም፤ ስለዚህ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ አባቴ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ጠበቃት።

«የት ነበርሽ?»

«ወጥቼ ነበር።»

«መውጣትሽንማ አይቻለሁ። የት?»

«ተክሌ፣ በሰላም ወጥቼ በሰላም ገብቻለሁ። ራት ላቅርብ?»

«የምትሄጂበትን እስክትነግሪኝ ድረስ ከዚህ ቤት ራት አልበላም።»

«እሺ» አለችና ለሁለት ሰው ብቻ አቀረበች።

አባቴ ብርድ ልብሱን ይዞ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛ። ኩርፊያ ተጀመረ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ፤ ብዙ ቤት እንደሚደረግ ባውቅም። እናቴና አባቴ ሲኮራረፉ አይነጋገሩም፤ በእኔ ይላላካሉ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ አባቴ «እናትሽን ቴሌቪዥኑን ትቀንሰው በያት» ይለኛል። እኔም ዞር ብዬ እናቴን ቴሌቪዥኑን ቀንሺው እላታለሁ። እሷም «አባትሽን ጆሮው ጤነኛ ሆኗል ወይ በዪው» ትለኛለች። ሁሉም ሁሉን ይሰማል፤ ቢሆንም እኔ መድገም ነበረብኝ። ትንሽ ቆይቶ አንዳቸው ይስቁና ያልቃል።

የአሁኑ እንደዚያ አልነበረም። አባቴ ማልዶ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል፤ እናቴ እሱ ሲገባ መኝታ ቤት ትገባለች። ስለዚህ መልእክቱን የማመላልሰው ከቀራንዮ አጠና ተራ በታክሲ ሆነ። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ጥፋቴን የሠራሁት በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ሰኞ እናቴ ምንም አልላከችም። እኔ ግን አባቴ ሳይበላ ማደሩ አንጀቴን ስለበላው፣ ድስት ውስጥ ከነበረው ወጥ ቀንሼ በምሳ ዕቃ ወሰድኩለትና እማዬ ናት የላከችልህ አልኩት። ምሳ ዕቃውን ትንሽ አየት አደረገው።

«እኔ አልበላም ያልኩት ራት ነው» አለ። «ምሳ አልበላም አላልኩም።»

ጥርግ አድርጎ በላና እጇ ይባረክ በያት አለኝ። ያልላከችውን ምሳ እጅሽ ይባረክ ብዬ እንዴት ልንገራት? ቤት ስገባ አባዬ ሰላም ብሎሻል አልኳት። እናቴ ሳቀች። «ተክሌ? በኩርፊያ ሰላም አለ?»

ማክሰኞ ግን እናቴ የምር መልእክት ላከች። የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። አስቀመጠችውና ዓይኔን እያየች፣ ልክ እኔ እንዳልኩት በዪው ብላ ነገረችኝ። ቃሉን ኋላ ላይ ትሰሙታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ቃሉን በልቤ ስደግመው በጣም ከበደኝ። ይህን ከሰማ ነገሩ ይካረራል አልኩ። ሱቅ ስደርስ አፌ በራሱ ሌላ ነገር አወጣ፤ እማዬ ተጨንቃለች፣ ይቅር ይበለኝ ብላለች አልኩት።

አባቴ ሚስማር እየመዘነ ነበር። ሚዛኑን ተወው። ከዚያ እሱም የምር መልእክት ላከ። አባቴ እንዲያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ነኝ ያፈርኩለት። እናቴ ይህን ብትሰማ ትንቀዋለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቤት ስገባ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣትሽን ፈቅዷል አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ፈቃድ ጠይቄዋለሁ?» አለች።

«አይ፣ አልጠየቅሽም።»

«እና የፈቀደው ምኑን ነው?»

ሐሙስ ምሳ ሳደርስለት አባቴ እኔን ያዘኝ። ለእሱ ካልነገረች ለልጇ ሳትነግር አትቀርም፣ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ አለኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱም እሱ ነበር። ግን ፊቱ ከስቷል፣ ጺሙንም አልተላጨም። ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛች የድሮ ጓደኛ አለቻት፣ እሷን ልትጠይቅ ነው የምትሄደው አልኩት። ማን እንደምትባል ሲጠይቀኝ ሙሉነሽ አልኩ። ይህ ስም ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ይህችን ለመናገር ነው ይህ ሁሉ አለና፣ ደንበኛ ሲገባ እያፏጨ ቆርቆሮ ማውረድ ጀመረ። ዓርብን ሙሉ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ እናቴ እንደተለመደው ስምንት ሰዓት ላይ ወጣች። አባቴ ለምሳ አልመጣም። እኔ ለፈተና እያጠናሁ ነበር። እናቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች፤ አባቴ ከእሷ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ጫማው ጭቃ ሆኖ ደረሰ። ማንንም ሳያይ ግቢው ውስጥ ቆሞ ስልክ ደወለ። በመስኮቱ በኩል ሰማሁት። የደወለው ለታላቅ ወንድሙ ለጋሽ ዘርጋው ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲመጣለት ለመነውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለገዛ ልጇ እንኳን ዋሽታለች ጋሼ» አለው።

መጽሐፌ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ወጥቼ እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አልወጣሁም። ነገ በማለዳ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ሲነጋ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ አልኩ።

እሁድ ጋሽ ዘርጋው እድር ውስጥ የሚከበሩትን ጎረቤታችንን እትዬ ንግሥትን ይዞ መጣ። ጋሽ ዘርጋው ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። እትዬ ንግሥት ደግሞ ገና ሳይቀመጡ እናቴን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይህን ጸጉር ይዘሽ ነው የተኮረፍሽው? እኔ ብሆን ሰው ሁሉ እንዲያየኝ አደባባይ እውል ነበር» አሏት። እናቴ ፈገግ አለች። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጄን ጭኔ መሐል ቀብሬያለሁ።

አባቴ እንዲናገር ተፈቀደለት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። ትናንት ሚስቱን ሊያስደስት፣ ኩርፊያውንም እዚያው ሊጨርስ ብሎ ሙዝና ብርቱካን ገዝቶ ዘነበወርቅ ሄደ። ሙሉነሽ የምትባል ታማሚ እያለ ሲጠይቅ ቆይቶ አንድ ሙሉነሽ አገኘ።

«ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል» አለ። «ከገጠር ለሕክምና የመጡ ናቸው፣ ጠያቂ የላቸውም። የአስካለ ባል ነኝ ስላቸው ደስ ብሏቸው እጄን ያዙኝ። አስካለን ያውቋታል ወይ ስላቸው፣ አዎ ልጄ፣ እንዴት ናት አሉኝ።»

እትዬ ንግሥት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሚስቴ ትመጣለች ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ኋላ ስለ ፍየሎቻቸው ሲነግሩኝ ነው አስካለን እንደማያውቋት የገባኝ። ፍሬውን ሰጥቻቸው መጣሁ።»

ጋሽ ዘርጋው እንኳን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ግን ፊቱን አጠንክሮ ወደ እናቴ ዞረ፤ ይህች ሙሉነሽ ማን እንደሆነች፣ ለምንስ በልጇ በኩል የውሸት ቃል እንደላከች ጠየቃት።

እናቴ ግራ ተጋብታ አባቴን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቀና ስል አሁንም እያየችኝ ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደገባት ከፊቷ አወቅኩ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን» አለች። «ሌላውን አትጠይቁኝ።»

ጋሽ ዘርጋው ራሱን ነቀነቀ። ፍርዱን ተናገረ። ጥፋቷን ካመነች ባሏ ይቅር ይላታል፤ ሆኖም የተጣሰ እምነት ስላለ ከእንግዲህ ቅዳሜ ብቻዋን አትወጣም። መውጣት ካስፈለጋት ልጅቷ አብራት ትሄዳለች። ተስማምተሻል ወይ ብሎ ጠየቃት።

እናቴ እጆቿን አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃ ያገኘቻቸው ሦስት ሰዓቶች እኔ ፊት እየተወሰዱ ነው፤ የምትሰጣቸውም ለእኔ ስትል ነው። አፏን ስትከፍት እሺ ልትል እንደሆነ አወቅኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም።

«ሙሉነሽ የለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ሁሉንም አወጣሁት፤ ምሳውን፣ ሰላምታውን፣ ይቅርታውን፣ ፈቃዱን፣ ሆስፒታሉን። ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር። አባቴ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የጠየቀኝ ሌላ ነው። «ምሳውንም አንቺ ነሽ የላክሽው?» አለኝ። በአንገቴ አዎ አልኩት።

ጋሽ ዘርጋው እንባዬን እንድጠርግ ነገረኝና ወንበሩን ወደ መሐል ሳበው። የተቀበልሽውን መልእክት አላደረስሽም፣ እንግዲህ ዛሬ ታደርሻለሽ አለኝ። ቃሉን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ፣ ከእናትሽ ጀምሪ አለ።

ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባዬ፣ ማክሰኞ እማዬ እንዲህ ብላሃለች። የምሄድበትን የማልነግረው የምደብቀው ነገር ስላለኝ አይደለም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአባቴ ቤት ወደ እሱ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን የት እንዳለሁ ሰው ሳያውቅ ውዬ አላውቅም። እሱን አልጠላሁትም። በሳምንት ሦስት ሰዓት ለማንም የማልናገረው፣ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ።»

ወደ እናቴ ዞርኩ።

«እማዬ፣ አባዬ ደግሞ እንዲህ ብሎሻል። ፈርቻለሁ በያት። የት እንዳለች ሳላውቅ ሱቅ ስቀመጥ ሚዛኑን ማንበብ ያቅተኛል። ከድሮም ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ደውዬ ድምፅዋን ስሰማ ነው እጄ ሥራ የሚይዘው። አንድ ቀን ትታኝ የምትሄድ ይመስለኛል።»

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ንግሥት ናቸው። «ይቺን ልጅ ዜና አንባቢ ቢያደርጓት አገሩ ሁሉ ታርቆ ያድር ነበር» አሉ። ጋሽ ዘርጋው ሳቀ፣ እናቴም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ በስምንት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቴ በቀጥታ ተናገረች።

«እንዲህ ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ተክሌ፣ ትቼህ መሄድ ብፈልግ ሃያ ሁለት ዓመት ምን አስቀመጠኝ?»

ጋሽ ዘርጋው ነገሩ ያለቀ መሰለውና፣ በይ አሁን የምትሄጂበትን ንገሪውና እንመርቃችሁ አላት። እናቴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ብትዘገይ በማንም ስልክ ደውላ ታሳውቃለች፤ የት እንደምትሄድ ግን አትናገርም። ጋሽ ዘርጋው ድምፁ ከረር አለ። ሽማግሌ ተቀምጦ እንዲህ አይባልም ብሎ ሲጀምር አባቴ እጁን ዘረጋ።

«ተዋት ጋሼ» አለ። «ከነገረችኝማ ማመን ምኑ ይከብዳል? ሳትነግረኝ ልሞክረው።»

እናቴ እንዴት እንዳየችው መጻፍ ብችል ደስ ባለኝ። አልችልም። ጋሽ ዘርጋው ከመመረቁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፤ ከእንግዲህ ብትጣሉም በዚች ልጅ እንዳትላላኩ፣ አፍ አላችሁ አለ። ያን ዕለት አባቴ ራት በላ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አስተማሪ ገብቷችኋል ወይ ሲል እጄን አውጥቼ አልገባኝም ማለት ጀምሬያለሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ እኔ ግን ላብ ያሰምጠኛል። የሁለት ሰዎችን ቃል ሳለሰልስ ቤቱን እያቆምኩ ይመስለኝ ነበር። ያለሰለስኩት ግን እናቴ የምትፈልገውንና አባቴ የሚፈራውን ነው፤ ሌላ የሚነጋገሩበት ነገርም አልነበራቸውም። ከእናንተ መሐል በእናትና በአባቱ መካከል የሚመላለስ ካለ፣ ወይ ቃሉን እንዳለ ያድርስ፣ ወይ አልሄድም ይበል። ሁለቱም ያስፈራሉ፤ ግን ሰው አይጎዱም።

እናቴ የት እንደምትሄድ ማወቅ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። አላውቅም። አልጠየቅኳትም፣ አልጠይቃትምም።

ከእርቁ በኋላ በነበረው ቅዳሜ እናቴ ምሳ አነሳስታ ጫማዋን አደረገች። አባቴ ሶፋው ላይ ነበር። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ጥያቄው ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ወደ መስኮቱ ተመለከተና «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል፣ ዣንጥላ ያዢ» አላት። ያዘች። እሷ ከወጣች በኋላ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ተቀመጠ፤ ግቢውን ያለ ምክንያት ጠረገ፤ ስልኩን አውጥቶ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። ዘነበ፣ አባራ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ የግቢው በር ተከፈተ።

«መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ» አለች።

ሌላ ምንም አላላትም። ቅዳሜ፣ ሰኔ 8 ቀን ነበር።